በግራዋ በኩል የቆመው

ሐሙስ ቀን የልጄን ምሳ ይዤ ስሄድ ክሪስፒን ታክዌልን ከወርክሾፑ ደረጃ ሲወርድ አገኘሁት። ሌላ ጊዜ ሲያየኝ ቆም ይልና ያላደረገውን ባርኔጣ እንደሚያነሳ ሰው እጁን ወደ ራሱ ሰዶ ያስቀኝ ነበር። ያን ቀን ግን በአጠገቤ ሲያልፍ ትከሻው ነካኝ፤ እኔን ግን አላየኝም። ፊቱ አመድ መስሏል። ሰው እንዲህ ሆኖ ሲያልፈኝ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰው ሞቷል እላለሁ። ከረጢቱን ደረቴ ላይ አጣብቄ ደረጃውን እየሮጥኩ ወጣሁት።

ብራዮኒ በሕይወት ነበረች። ከመስኮቱ ሥር ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ አጉሊ መነጽሯን ዓይኗ ላይ ሰክታ፣ በትንሿ መዶሻ ትመታለች። ከውጭ የጀልባ ሞተር ይጮኻል። አልጠራኋትም። በታክዌል የሰዓት ቤት ሰንሰለት የሚመታ ሰው አይጠራም፤ ይህ ደንብ ከቅድመ አያቴ ዘመን ጀምሮ የነበረ ነው። ሰንሰለቱ ከፈረስ ጭራ አይወፍርም፤ በሰዓቱ ሆድ ውስጥ የተጠቀለለው ሞላ ጉልበቱን ለጥርሶቹ የሚያደርሰው በእሱ ነው። በዓይን የማይታይ ሚስማር ላይ መዶሻ ያነሳችን ሴት በስሟ ብትጠሯት እጇ ይደነግጣል፣ የሰነበተችበት ሥራም ገደል ይገባል። ስለዚህ የመጣ ሰው ዝም ብሎ ይገባል፤ ያመጣውን በሠራተኛዋ ግራ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጥና መዶሻው እስኪቆም ይጠብቃል። ቀኙ የመሣሪያ ነው፤ ግራው የመጣ ሰው።

ሳንድዊቹን በግራዋ አስቀምጬ ቆምኩ።

መዶሻው ቆመ። ብሩሿን አንስታ ጠረጴዛዋን ከቀኝ ወደ ግራ ጠረገች። ብናኙ የሚወድቀው ከጠርዙ ሥር ወዳለው፣ ቆዳ ወደተነጠፈበት መሳቢያ ነው፤ የወርቅና የብረት ብናኝ እዚያ ይጠራቀማል። ብሩሹ ሳንድዊቹን ሊነካው ሲል ቆም አለችና መነጽሯን አወለቀች። በቀኟ በኩል ዞራ አየችኝ።

«እማ፣ ባዶ እጅሽን ነው የመጣሽው? ርቦኝ ሞትኩ እኮ» አለችኝ።

ሳንድዊቹ ክርኗ ሥር ነበር።

«ግራሽን እዪ» አልኳት።

ዞረች። ሳቅ አለች። «ሐሳቤ ሥራው ላይ ሆኖ ነው» አለች።

«ክሪስፒን ምን ሆኖ ነው የወጣው?»

«ክሪስፒን? ክሪስፒን እኮ ዛሬ ጭራሽ አልመጣም» አለችኝ፤ ሳንድዊቿን እየፈታች፣ ያለ ምንም ጥርጣሬ። እኔ ግን ከደረጃው ሲወርድ የነካኝ ትከሻ እስካሁን ይቀዘቅዘኝ ነበር።

ክሪስፒን ወደ ከተማችን ወደ ክራይስትቸርች የመጣው የሞተ ነገር ሊያስነሳ ነው። የአያቶቹ የሰዓት ቤት ከተዘጋ የሰው ዕድሜ አልፎታል። በለንደን ሰዓቱን ይሠሩ የነበሩት ታክዌሎች ናቸው፤ ሰንሰለቱን ይሠሩ የነበሩት ግን በየማዕድ ቤቱ መስኮት ሥር የሚቀመጡ የእኛ ከተማ ሴቶች ነበሩ። ከነዚያ ሴቶች ብዙዎቹ ሳያረጁ ዓይናቸው ፈስሷል ይባላል። የሰዓቱ ፊት ላይ የተጻፈው ስም ታክዌል ነው፤ የእኛ ቤት፣ የፐርኪስ ስም የትም የለም። ብራዮኒ በጌጣጌጥ ሱቅ የተበጠሱ ሐብሎች ስትጠግን አገኛት። አሮጌ የሰንሰለት ቁራጭ ሰጥቷት «ይህን የሚሠራ ሰው ታውቂያለሽ?» ብሎ ጠየቃት። ቁራጩን ወስዳ በብዙ ወር ልፋት መሰሉን ይዛ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ እሱ ለንደንን ረሳ። በጠረጴዛዋና በጠረጴዛው መካከል የሚመላለሰውን አስተያየት እኔም አይቻለሁ፤ እናት ዓይኗን ከሳህን ላይ አታነሳም እንጂ ሁሉን ታያለች።

እናቱም አይታለች። ወይዘሮ ታክዌል አንድ ጊዜ ሻይ ጋብዘውኝ «የእናንተ ቤት ሴቶች እጃቸው የተባረከ ነው፤ ቤተሰባችን ይህን ምን ጊዜም አይረሳም» አሉኝ። ብስኩቱን ሳህኑ ላይ መለስኩት። እጃችሁን ስጡን፣ ሌላው ይቅር ማለታቸው ነበር።

ቅዳሜ የመጀመሪያው ሰዓት ለእንግዶችና ለጋዜጠኞች ሊታይ ነው። ሰንሰለቱ አልቆ ካልገባ ሰዓቱ አይሄድም።

ማታ ራት ላይ የአሳ ጥብሱን ሳልነካው አስቀመጥኩ። ባለቤቴ ክላይቭ ቀኑን ሙሉ ጀልባ ሲቀባ ውሎ፣ ጢሙ ላይ ሰማያዊ ቀለም ይዞ ነው የገባው።

«ብራዮኒ፣ እናትሽ ዛሬ ማንን ቀበረች?» አላት።

«እስካሁን አልነገረችንም» አለች ልጄ።

«ፊቷን ስታዪው ግን ትልቅ ቀብር ነው።»

«ቀልዱ። አንድ ቀን አንዱ እውነት ይሆናል» አልኳቸው።

«አንዱማ ይሆናል። እኔ ራሴ እሞትልሽ የለም እንዴ?» አለ ክላይቭ፤ ድንቹንም ከእኔ ሳህን ወደ ራሱ አዛወረ።

የብራዮኒ ስልክ ጮኸ፤ የክሪስፒን መልእክት ነበር። ስታነበው ፊቷ ላይ የነበረው ቀለም ሁሉ ወረደ። ከዚያ ጮክ ብላ አነበበችው፤ ጮክ ብላ ካላነበበችው እንደማታምነው ሁሉ።

«ሚስ ፐርኪስ። መልስሽን ተቀብያለሁ። ቅዳሜ ካለፈ በኋላ ወደ ለንደን እመለሳለሁ፤ ወርክሾፑን ሌላ ሰው ይመራዋል። ለሠራሽው ሥራ ሁሉ አመሰግናለሁ።»

«ሚስ ፐርኪስ?» አለ ክላይቭ። «ትናንት እዚሁ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ 'ብራዬ' ሲልሽ አልነበረም እንዴ?»

«የምን መልስ ነው?» አልኳት።

«እንጃ። የጠየቀኝ ነገር የለም።»

«ሰዓቱ ቀድሞበት ይሆናል» አለ ክላይቭ፤ ማንም አልሳቀም፤ እሱም ሹካውን አስቀመጠ።

ሳህን ስናጥብ ብራዮኒ ከጎኔ ቆማ አንዱን ሳህን ደጋግማ ትወለውላለች። «እናቱ ናቸው» አለች። «ጊዜ ጠብቀው ነው። ሰንሰለቱ እስኪያልቅ ጠበቁ።»

«ደውለሽ ጠይቂው።»

«አልደውልም። ሚስ ፐርኪስ ብሎ የጻፈን ሰው ምን ብዬ ልጠይቀው?»

«እንግዲያው ስለ ዓይንሽ ንገሪው።»

ሳህኑን አስቀመጠች። ይህን ነገር እኔና እሷ ብቻ ነበርን የምናውቀው። በክረምቱ በር እየመታት፣ ደረጃ እየሳታት፣ ከግራ የመጣ መኪና አፍንጫዋ ሥር ፍሬን ሲይዝ አየሁና መነጽር ሐኪም ዘንድ ጎትቼ ወሰድኳት። ሰውየው መብራቱን አጥፍቶ ብዙ አያት። የጎን እይታዋ እየጠበበ ነው፣ ግራው ብሷል፣ ቶሎ ሆስፒታል ትሂድ አለ። የእኔም እናት ግድግዳ እየዳበሰች ነው የሞተችው። ብራዮኒ ግን «ሰንሰለቱ ይለቅና እሄዳለሁ» ብላ አስማለችኝ፤ ለማንም፣ ለአባቷም እንዳልናገር። መሐላዬን ጠብቄ በየሌሊቱ ጣሪያ ሳይ አድራለሁ። እያንዳንዱ ሚስማር ከዓይኗ ላይ የሚቆረስ ይመስለኛል።

«ብነግረው ምን ይሆናል?» አለችኝ። «ወይ ያዝንልኛል፣ ወይ ይሄዳል። አሁን ቢያንስ በጤነኛ ሰው ተናዶ ነው የሚሄደው።»

እኔም ከዚህ የተሻለ ነገር ይመጣል ብዬ አላምንም ነበር። እርጥብ እጄን ጀርባዋ ላይ አሳረፍኩ።

አርብ ጠዋት ብቻዬን ወጣሁ። ክሪስፒን የጀልባ ማቆሚያው ድንጋይ ላይ ቆሞ ወንዙን ያያል። ዝይ የሚያህሉ ነጭ ወፎች እግሩ ሥር መጥተው ዳቦ ይጠብቃሉ፤ እሱ መኖራቸውንም አላወቀም። ውሃው ጥቁር ነበር። ይህ ልጅ ሊገባበት ነው ብዬ ክንዱን ያዝኩት።

«ሚስስ ፐርኪስ፣ ምን ሆነዋል?» አለኝ።

«አንተ ምን ሆነሃል? ልጄ ምን አድርጋህ ነው?»

«ልጅዎ ጥፋት የለባትም። ጠየቅኋት፣ መለሰች። በቃ።»

«አልጠየቀኝም ነው የምትለው።»

ወደ እኔ ዞረ። ዓይኑ ሥር ጠቁሯል። «እንዲህ አለች?» አለ በዝግታ። «ከሆነ ከሰው ፊት ሐፍረት ልታድነኝ ነው። ጥሩ ልብ አላት። ሐሙስ ዕለት የአያቴን ቀለበት ይዤ ገባሁ። ስትመታ ነበር። በእኛ ቤት ደንብ መናገር አይቻልም፤ እኔም ደግሞ ደስ አለኝ፤ ከአፌ ቃል ይወጣል ብዬ አልገመትኩም ነበርና። ቀለበቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ቆምኩ። ሚስማሩን ጨረሰች። ቀና አላለችም። ብሩሿን አነሳችና ቀለበቱን ከብናኙ ጋር ጠረገችው፤ ወደ መሳቢያው። ከዚያ ሌላ ሚስማር አነሳች።» ፊቱን ወደ ውሃው መለሰ። «እምቢ ብትለኝ ይገባኛል። እንደ ቆሻሻ መጠረጉ ነው ያልገባኝ።»

ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ።

«በየት በኩል ነው ያስቀመጥኸው?»

«በግራ ነዋ። ሌላ የት ይቀመጣል?»

መሐላዬ ጥርሴ መሀል ነበር። ብናገር ልጄን ከዳሁ፤ ዝም ብል ቅዳሜ ሲያልፍ ባቡር ላይ ወጥቶ ይሄዳል። ደግሞ ብናገርስ? ለዓይኗ ብሎ የመጣን ሰው ዓይኗ እየሄደ ነው ብዬ ምን ላስቀረው? በሁለቱም በኩል ገደል ታየኝ። እኔ ሁልጊዜ ገደል ነው የሚታየኝ፤ ያን ቀን ግን አንደኛው ገደል ዳር ላይ ልጄ ብቻዋን ቆማ ነበር።

«ተነስና ተከተለኝ» አልኩት። «እኔ ስናገር አንተ አትናገር። በግራዋ ቁም። ሌላ ምንም አልጠይቅህም።»

ብራዮኒ መዶሻዋን አስቀምጣ ጣቶቿን ታሻሻለች። መነጽሯ ግንባሯ ላይ ነው። ደረጃውን ስንወጣ ሰምታ ቀና አለች፤ በሩ ላይ ሁለታችንንም አየችን። ፊቷን መልሳ ወደ መስኮቱ አዞረች።

«ሚስተር ታክዌል» አለች። «ሰንሰለቱ ዛሬ ያልቃል። ሌላ ጉዳይ ካለ ከሥራ በኋላ ይንገሩኝ።»

ለእሱ በእርስዎ ስትናገር የሰማሁት ያን ቀን ነው። ክሪስፒን ከንፈሩን ነክሶ አየኝ። በዓይኔ ወደ ግራዋ ጠቆምኩት። በለስላሳ ጫማው ድምፅ ሳያሰማ ሄደና ከትከሻዋ አጠገብ፣ አንድ ስንዝር በማትሞላ ርቀት ቆመ። እኔ ከቀኟ ሆንኩ።

«እንዲህ ትናገሪዋለሽ? የሰማሽው ሁሉ ውሸት ቢሆንስ?» አልኳት።

«ምንም አልሰማሁም እኮ እማ። ችግሩ እሱ ነው። ምንም አላለኝም። አንድ ቃል እንኳ ሳይነግረኝ ነው የተወኝ።» ድምጿ ተሰበረ። «እናቱ ይጥሉኛል ብዬ ስፈራ ኖርኩ። እሱ ይጥለኛል ብዬ አንድ ቀን አስቤ አላውቅም። ባየው ቁጥር... ተይው። ይህን ለምን እነግርሻለሁ?»

ክሪስፒን እጁን ዘረጋ። መዳፉን ከፍቶ ከጉንጯ አጠገብ ያዘው፤ ትንፋሿ መዳፉን የሚነካው ይመስለኛል። እሷ ዓይኗን ከመስኮቱ አልነቀለችም። ከዚያ ጆሮዋን አቀናች።

«እማ» አለች ቀስ ብላ፤ «ሄደ እንዴ?»

የክሪስፒን እጅ አየር ላይ ቀረ። ፊቱን ሳየው፣ እውነት ሰው ውስጥ ስትገባ እንዲህ ናት አልኩ። መጀመሪያ እጁን አየ፣ ከዚያ ዓይኗን፣ ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ቀለበቱን ያኖረበትን ቦታ። ወለሉ ላይ ተንበረከከ።

«እዚህ ነኝ» አላት። «ሐሙስም እዚህ ነበርኩ።»

ደንግጣ ዞረች። መዶሻዋ ወደቀ። ተንበርክኮ ሲያለቅስ ስታየው እኔን አየችኝ፤ ያ አስተያየት እስካሁን ይወጋኛል።

«ነገርሽው?»

«አልነገርኩትም። አንቺ ነሽ አሁን የነገርሽው።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አላት እሱ።

«ከክረምት።»

«እና እያየሁሽ፣ በየቀኑ እያየሁሽ፣ ይህን ሰንሰለት ትሠሪልኛለሽ?»

«ሥራውን አያለሁ» አለችው። «የዓይኔ መሐል ደህና ነው። ፀጉር የማይበልጥ ሚስማር ብትሰጠኝ ራሱን ከግርጌው እለይልሃለሁ። እሱን አያለሁ ክሪስፒን። የማላየው አንተን ነው።»

እንግዲህ ሰው ይህን ሰምቶ እንዴት ይቆማል? እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ከኋላዬ መሳቢያው ሲጎተት፣ ብናኙ ወረቀት ላይ ሲገለበጥ ሰማሁ። ሁለቱም በጣታቸው ሲፈልጉ፣ ግንባራቸው ሲጋጭ፣ እሷ ስታለቅስ፣ እሱ «ቆይ፣ አቧራውን ላራግፍለት» ሲል፣ እሷ «ተወው፣ እንዳለ ስጠኝ» ስትል ሰማሁ። አልዞርኩም። ደስታ ፊት ለፊት ካየሁት የሚሸሽ ይመስለኛል።

ቆይቶ ክሪስፒን መዶሻዋን ከወለል አንስቶ ኪሱ ከተተው።

«አምጣው። የቀረኝ ትንሽ ነው» አለችው።

«ሆስፒታል ደርሰን ስንመለስ።»

«ቅዳሜ ነገ ነው። እንግዶቹስ? እናትህስ?»

«ይህ ቤት እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ ተኝቷል። ትንሽ ቢጨምር የሚሞት ነገር የለም።»

እዚያው እያለን ለእናቱ ደወለላቸው። የእሳቸው ድምፅ ከስልኩ ወጥቶ ክፍሉን ሞላው። «የቤተሰቡን ስም ለምትታወር ልጅ ነው የምትሰጠው?» ሲሉ ሁላችንም ሰማን። ብራዮኒ ዓይኗን ጨፈነች። ክሪስፒን «አዎ እናቴ፤ እሷ ከተቀበለችው» አለና ዘጋው። ስልኩን ግን ኪሱ ሊከት ሁለት ጊዜ ሳተ። ይህን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ክላይቭም ነገሩን ሰምቶ፣ በዚያው ዕለት አራታችንም ሆስፒታል ሄድን። ሐኪሟ ጨዋ ሴት ናት፤ አልዋሸችንም። ሥራው አይደለም ያመጣው አለች፤ በዘር የሚሄድ፣ በዓይን ውስጥ ግፊት የሚመጣ በሽታ ነው። ከግራ ዓይኗ የሄደው አይመለስም፤ የቀኙም ጀምሮታል። ጠብታ አለ፣ ቀዶ ሕክምና አለ፣ የቀረውን ለማቆየት። «ምን ያህል ጊዜ?» ብሎ ክሪስፒን ጠየቃት። ሐኪሟ ወረቀቷን አስተካከለች፤ ብዙ ሰው ሙሉ ዕድሜውን እያየ ይኖራል፣ አንዳንዱ ደግሞ መድኃኒቱ አይዘውም አለች። ክላይቭ «ብዙ ሰው» የሚለውን ሰማ። እኔ «አንዳንዱ» የሚለውን። በመኪናችን ስንመለስ እሱ ሲያፏጭ እኔ መስኮቱ ላይ ግንባሬን አሳርፌ የእናቴን እጅ አሰብኩ፤ ግድግዳው ላይ ቅብ የለቀቀበትን መስመር።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ወጥታ ነበር። ሻይ ይዤ ወደ ሳሎን ስሄድ በሩ ገርበብ ብሏል። ክሪስፒን ወንበር ላይ፣ ፊቱ ወደ ብርሃኑ፣ ተቀምጧል። ብራዮኒ ከፊቱ ምንጣፉ ላይ ተንበርክካ፣ ክርኖቿን ጉልበቶቹ ላይ አስደግፋ ታየዋለች። 

«ምን እያየሽ ነው?» አላት። «ፊቴ ላይ ጃም አለ እንዴ?»

«አትንቀሳቀስ» አለችው። «እያጠራቀምኩ ነው።»

እሱ ቀልድ መስሎት ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ከቅንድቡ ጀምራ፣ ጥፍር የምታህል ቦታ ሳትዘል፣ ቀስ እያለች ወደ ከንፈሩ ወረደች፤ ከዚያም ያየችውን እንዳትረሳ እንደገና ከላይ ጀመረች። በሦስተኛው ዙር የእሱም ሳቅ ቆመ። ገባው። ፊቱን ሳያዞር፣ ዓይኑን ሳያርገበግብ፣ እንድትጨርስ ተቀመጠላት። ሻዩ እጄ ላይ ቀዘቀዘ። እኔም በሩ ላይ እንደቆምኩ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ክፉ ነገር ስጠብቅ የኖርኩት ሴት፣ ደመናው ፀሐይዋ ላይ እንዳይመጣ ብቻ ለመንኩ፤ እስክትጨርስ ድረስ።